የጎንደር አብያተ መንግሥታትና የጥምቀቱ ውኃ



በሐዋሳ ከተማ በምናገለግልበት ሰንበት ትምህርት ቤት የታኅሣሥ ወር ሊያልቅ ሲል ሕፃናቱን ለከተራ መዝሙር እናስጠናለን። ከጥናቱ በኋላ ጥያቄ መጠየቅ የተፈቀደ ነው። በአንድ ወቅት ዕድሜው ከዘጠኝ የማይበልጥ ልጅ እጁን አወጣና፣ «መምህር፣ በቴሌቪዥን ባየነው የጎንደር ጥምቀት ላይ ውኃው መካከል የቆመው ቤት የማን ነው? ንጉሡስ ቤቱን ለምን ውኃ ውስጥ ሠራው?» ሲል ጠየቀን። ጓደኞቹ ሳቁበት፤ እኛ ግን ወዲያው መልስ አልሰጠነውም። በመንፈሳዊ ኮሌጅ ሳለን ስለ ዘመነ ጎንደር ብዙ ተምረናል፤ ስለ ጉባኤዎቹ፣ ስለ ቅባትና ስለ ጸጋ ክርክር፣ ስለ ሊቃውንቱና ስለ አቋቋሙ ስንጠየቅ ኖረናል። ቤቱ ለምን ውኃ ውስጥ እንደ ተሠራ ግን የጠየቀን መምህር አልነበረም።

ሐዋሳ ወጣት ከተማ ናት። የተቆረቆረችው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ስለሆነ ያ ሕፃን ከአያቱ የሚበልጥ ዕድሜ ያለው ቤት አይቶ አያውቅም። ለእርሱ አሮጌ ቤት ማለት ቆርቆሮው የዛገ ቤት ነው። አራት መቶ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ሕንፃ ዛሬም በዓል ሲከበርበት ማየቱ ቢያስደንቀው አይፈረድበትም። በዚህ የበዓል ገጽ ላይ ለእርሱና ለቤተ ሰቦቹ የጠየቀውን ያህል ለመመለስ እንሞክራለን።

ጎንደር ከመቆርቆሯ በፊት የነበሩት ነገሥታት ለረጅም ዘመን የኖሩት በድንኳን ነበር ማለት ይቻላል። ንጉሡ ባረፈበት ስፍራ ሁሉ ከተማ ይሆናል፤ እንጨቱ ተቆርጦ ሲያልቅና ስንቁ ሲመናመን ከተማው ተነሥቶ ይሄዳል። አብያተ ክርስቲያናቱ ሲቀሩ ቤተ መንግሥቱ አብሮ ይጓዛል። ይህ ልማድ መለወጥ የጀመረው በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፣ ነገሥታቱ በጣና ሐይቅ ዙሪያ መክረም ሲያዘወትሩ ነው። በእንፍራዝ አጠገብ ጣናን ቁልቁል የሚያየው የጉዛራ ግንብ በብዙዎች ዘንድ የአፄ ሠርፀ ድንግል ሥራ እንደሆነ ይነገራል። ከእርሳቸው በኋላ የነገሡት አፄ ሱስንዮስ ደግሞ በጎርጎራና በደንቀዝ አስገንብተዋል። የግንብ ሥራ በጎንደር የበሰለ እንጂ በጎንደር የተጀመረ አይደለም ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ። እኛ ይህን ጊዜ «መካከለኛው ዘመን» እያልን ስንጠራው ኖረናል፤ በአውሮፓውያን አከፋፈል ግን መካከለኛው ዘመን ከዚህ አንድ መቶ አምሳ ዓመት ያህል ቀድሞ አልፏል። የስሙ ክርክር ለባለሙያዎቹ ይቆየን።

አፄ ሱስንዮስ በ1614 ዓ.ም. የሮማን ሃይማኖት በይፋ መቀበላቸውና ከዚያም ለሕዝቡ ማወጃቸው አገሪቱን በደም አጥቧታል። ብዙ ሺህ ሰው ካለቀ በኋላ በ1624 ዓ.ም. የአባቶቻቸው ሃይማኖት እንዲመለስ አውጀው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። አፄ ፋሲል ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጡ፤ ከእስክንድርያም ጳጳስ አስመጡ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1628 ዓ.ም.፣ በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ባለው ከፍታ ላይ የመንግሥታቸውን መቀመጫ ጎንደርን መሠረቱ። በሃይማኖት ስም የተላለቀን ሕዝብ በአንድ ስፍራ ለማርጋት ቋሚ ከተማ ማስፈለጉን መገመት አያስቸግርም። በቃል የሚነገረው ግን ሌላ ነው። ንጉሡ ለአደን ወጥተው ጎሽ እየተከተሉ ሲሄዱ ጎሹ ወደ አንድ ረግረግ ያደርሳቸዋል፤ በዚያም አንድ ባሕታዊ ተገልጦ በስፍራው ከተማ እንዲሠሩ ይነግራቸዋል። የጎንደር ሽማግሌዎች ይህን ታሪክ ሲያወሩ ጎሹ የሄደበትን አቅጣጫ በእጃቸው ጭምር እየጠቆሙ ነው።

ሕዝቡ «እንቁላል ግንብ» የሚለው የአፄ ፋሲል ቤተ መንግሥት ባለ ሁለት ፎቅ ሆኖ በአራት ማዕዘኑ ላይ አራት ክብ ማማዎች ቆመውለታል። የእያንዳንዱ ማማ ራስ በእንቁላል መልክ የተደፋ ስለሆነ ስሙ ከዚያ መጣ። የጣሪያው ዙሪያ እንደ መጋዝ ጥርስ ብቅ ጥልቅ እያለ ይዞራል። ግድግዳው ያልተወቀረ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩን ከድንጋይ ያያያዘው ኖራ ነው። ሰማዩ በጠራ ቀን ከላይኛው ፎቅ ላይ የቆመ ሰው ጣናን ያያል።

ይህን ሁሉ ማን ሠራው? ለብዙ ዘመን የውጭ አገር ጸሐፊዎች «ፖርቱጋሎች ሠሩት» እያሉ ሲጽፉ ኖረዋል፤ እኛም በትምህርት ቤት ሳለን እንዲሁ ሰምተን አምነን ነበር። ይሁን እንጂ ግንቡ ሲሠራ ኢየሱሳውያኑ ተባርረው ነበር። አፄ ፋሲል መነኮሳቱን ሲያባርሩ ሙያውን አላባረሩም ብንል ይቀርባል። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ከሕንድ የመጡ ግንበኞች በንጉሡ ሥራ ላይ ነበሩ፤ ኖራን እያቃጠሉ ለግንብ ማዋልም በሰፊው የታወቀው በዚያው ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ድንጋዩን የፈለጡት፣ እንጨቱን የጠረቡትና ብረቱን የቀጠቀጡት እጆች በአብዛኛው የአገሬው ናቸው። ከእነርሱም መካከል ቤተ እስራኤላውያን በግንበኝነትና በአናጢነት የታወቁ ነበሩ። በአፄ ዮሐንስ አንደኛ ዘመን ለሙስሊሞችና ለቤተ እስራኤላውያን የተለየ የመኖሪያ ሰፈር እንዲሰጥ መወሰኑን ስናስብ፣ ግንቡን ያቆሙት ሰዎች ከግንቡ ራቅ ብለው እንዲኖሩ መደረጋቸው ያሳዝናል። የጎንደርን ግንብ ስናወድስ ይህን መዝለል ተገቢ አይመስለንም።

ከአፄ ፋሲል በኋላ የነገሠው ሁሉ በግቢው ውስጥ የራሱን ጨመረ። አፄ ዮሐንስ የጽሕፈት ቤትና የመጻሕፍት ቤት ሠሩ። ልጃቸው አፄ ኢያሱ አድያም ሰገድ ጣሪያው እንደ ኮርቻ የጎበጠ ቤተ መንግሥት አሠሩ፤ በዝሆን ጥርስና በወርቅ ያጌጠ እንደ ነበር ይነገራል። አፄ ዳዊት የመዝሙር አዳራሽ፣ አፄ በካፋ የግብር አዳራሽና የፈረስ ጋጥ፣ እቴጌ ምንትዋብም የራሳቸውን ግንብ አቆሙ። እቴጌይቱ ከከተማው ወጣ ብለው በደብረ ፀሐይ ቁስቋም ያሠሩትን ደግሞ ለብቻው መጻፍ ያስፈልግ ነበር። ጠቅላላ ግቢው ሰባት ሄክታር ያህል ስፋት አለው፤ የሚከበውም ወደ 900 ሜትር የሚጠጋ የድንጋይ አጥር ነው።

በእኛ አስተያየት ከግንቦቹ ይልቅ ስለ ኑሮው ብዙ የሚናገሩት በሮቹ ናቸው። አሥራ ሁለት በሮች ነበሩት፤ እያንዳንዱም ስም አለው። ዳኞች የሚገቡበት ወንበር በር ይባላል። እምቢልታ በር የነፊዎቹ ነው። ባልደራስ በር የፈረሰኞቹ አለቃ የሚገባበት ነው። የሙታን መታሰቢያ የሚወጣበት ተዝካሮ በር ነው። እርግብ በርም አለ። ግምጃ ቤት ማርያም በር ደግሞ ወደ ቤተ ክርስቲያኒቱ ያወጣል። ስሞቹን ተራ በተራ የጠራ ሰው ግቢው በአንድ የሥራ ቀን ጠዋት ምን ይመስል እንደ ነበር ያየው ያህል ይሆናል፤ ዳኛው ሲገባ፣ እምቢልታው ሲነፋ፣ ፈረሱ ሲያናፋ፣ ካህኑ ማዕጠንቱን ይዞ ሲያልፍ። ዛሬ ከነዚህ ሁሉ መካከል ሥራውን ሳያቋርጥ የቀጠለው ካህኑ ብቻ ነው። የግብር አዳራሹ ጣሪያ የለውም፤ የጋጡ ፈረሶች የሉም፤ በግምጃ ቤት ማርያም ግን ደወሉ ይደወላል፤ ቅዳሴው ይቀደሳል።

ግንቦቹ መጎዳት የጀመሩት ገና ባለቤቶቻቸው ሳሉ ነበር። በ1696 ዓ.ም. የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የአፄ ኢያሱን ቤት ጎድቶታል። በ1760ዎቹ መጀመሪያ ጎንደር የነበረው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ከትልቁ ቤተ መንግሥት ብዙው ክፍል በዚያን ጊዜም ፈራርሶ እንደ ነበር ጽፏል። ዘመነ መሳፍንት ሲገባ ነገሥታቱ በስም ብቻ ቀሩ። ስም ብቻ ያለው ንጉሥ ጣሪያ የሚያስጠግንበት ገንዘብ ከየት ያመጣል? አፄ ቴዎድሮስ መናገሻቸውን ከጎንደር አራቁ፤ በ1859 ዓ.ም. ከተማዋን አቃጠሉ፤ ብዙ መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳትም ወሰዱ። በ1880 ዓ.ም. ደግሞ ደርቡሾች ገብተው አብያተ ክርስቲያናቱን በእሳት አጋዩ። የአፄ ኢያሱ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከዚያ ቃጠሎ ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ ነው። ምእመናን የንብ መንጋ ወጥቶ ወራሪውን እንዳባረረ ይተርካሉ። በጣሪያው ላይ የተሳሉት የመላእክት ፊቶች እስከ ዛሬ ወደ ታች እየተመለከቱ ናቸው።

ጣልያን አገራችንን በወረረ ጊዜ ጎንደርን ከመቀመጫዎቹ አንዷ አድርጎ ግቢውን ለጦር አዛዦቹ ተጠቀመበት። በ1934 ዓ.ም. ኅዳር ወር የመጨረሻው የጣልያን ጦር በጎንደር እጁን ከመስጠቱ በፊት የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ባደረሱት ድብደባ ከቤተ መንግሥቶቹ ጥቂቶቹ፣ በተለይም የአፄ ኢያሱ፣ እንደገና ተጎዱ። ጣልያን ግን ከቦምቡ ቀደም ብሎ ድምፅ የሌለው ሌላ ጉዳት አድርሶ ነበር። ይኸውም ጥገናው ነው።

የዚህን ነገር ምሥጢር የተረዳነው ከሃያ ዓመት በፊት ገደማ ከኮሌጅ ጓደኞቻችን ጋር ጎንደርን በጎበኘንበት ጊዜ ነው። በግቢው ውስጥ አንድ ሸምገል ያሉ ግንበኛ ኖራና አሸዋ ሲያቦኩ አገኘናቸው። ከመካከላችን አንዱ፣ «አባባ፣ ሲሚንቶ አይሻልም ወይ? ቶሎ ይደርቃል» አላቸው። ሰውዬው አካፋቸውን አቁመው፣ «ልጄ፣ ይህ ድንጋይ ይተነፍሳል፤ ሲሚንቶ አፉን ይይዘዋል» ብለው መለሱለት። ነገሩ እንዲህ ነው። ጥቁሩ ድንጋይ በክረምት ርጥበት ይጠጣል፤ በበጋ ርጥበቱን መልሶ ያወጣል። ኖራው ለስላሳ ስለሆነ ርጥበቱ በእርሱ በኩል ይወጣል፤ ግድግዳው ሲሞቅና ሲቀዘቅዝም ኖራው አብሮ በጥቂቱ ይንቀሳቀሳል። ሲሚንቶ ግን ደረቅና ድፍን ነው፤ ርጥበቱን ወደ ውስጥ ይመልሰዋል። ውስጥ የቀረው ርጥበት ጨውን ይዞ ድንጋዩን ራሱን ይበላዋል። ጣልያኖች በ1920ዎቹ መጨረሻ ግንቦቹን ሲጠግኑ ሲሚንቶና ብረት የገባበት አርማታ ተጠቅመው ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ ያንን እያነሡ በኖራ መተካት የግድ ሆኗል። ለማጠንከር የገባው የሚያደክም ሆኖ ተገኘ።

ጥፋቱ የእኛ ብቻ ወይም የጣልያን ብቻ አይደለም። በፈረንሳይ አገር ካርካሶን የምትባለው በቅጥር የታጠረች ጥንታዊ ከተማ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት እንድትፈርስ ተወስኖባት ነበር። ነዋሪዎቿ ስለ ጮኹላት ቪዮሌ ለ ዱክ የተባለው የሕንፃ ባለሙያ ጠገናት። ነገር ግን እርሱ በማማዎቹ ላይ ያቆመው ሹል ጣሪያ ለዚያ አገር የሚስማማ አይደለም የሚል ክርክር እስከ ዛሬ ይነሣል። ጠጋኝ እጁን የሚያሳርፍበትን ስፍራ ማወቅ ከባድ ነው።

የጎንደር ግንቦች በዓለም ቅርስ መዝገብ የተጻፉት እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። መዝገቡ የያዘው የፋሲል ግቢን ብቻ አይደለም፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴን፣ ቁስቋምን፣ የጉዛራን ግንብና ዛሬ ዋና ነገራችን የሆነውን የፋሲለደስን መዋኛ ጭምር ነው። በአገር ውስጥም በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 እንዲህ ያለውን ቅርስ ያለ ፈቃድ መጠገንና መለወጥን ይከለክላል። በቅርብ ዓመታት በፋሲል ግቢ ሰፊ የጥገና ሥራ ተካሂዷል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የተከሰተው ግጭት ግን የጎብኚውን ቁጥር ቀንሶታል፤ በጎብኚ የሚተዳደረውንም ጎንደሬ ጎድቶታል። የሐዋሳ አንባቢ የዓለም ቅርስ መዝገብ ምን እንደሆነ አዲስ አይሆንበትም። እ.ኤ.አ. በ2015 የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላ ከማይዳሰሱ ቅርሶች ጋር ሲጻፍ በጉዱማሌ የነበረውን ደስታ ያየ ሁሉ ያስታውሰዋል።

አሁን ወደ ሕፃኑ ጥያቄ እንመለስ። መዋኛው ከፋሲል ግቢ በስተ ሰሜን ምዕራብ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በቀሃ ወንዝ አጠገብ ይገኛል። በአጥር የተከበበ ጥልቅ የድንጋይ ገንዳ ነው። በገንዳው ውስጥ በቅስቶች ላይ የቆመ ባለ ፎቅ ቤት አለ፤ ወደ ቤቱ የሚያሻግረውም የድንጋይ ድልድይ ነው። በአጥሩ ላይ የበቀሉት የዋርካ ዛፎች ሥሮቻቸውን በድንጋዩ ላይ እንደ እጅ ዘርግተው ይዘውታል። ሥሩ ግድግዳውን ይናድ ወይም ይደግፍ ባለሙያዎች ቢከራከሩ አይገርመንም፤ ለዓይን ግን ሁለቱም አንድ አካል ሆነዋል። ከዚያው አቅራቢያ ጉልላት ያለው አነስተኛ ሕንፃ አለ፤ የንጉሡ ፈረስ የዞብል መቃብር ነው ይሉታል።

አንዳንዶች ቤቱ ንጉሡ ከሙቀት የሚያርፉበትና የሚዋኙበት ነበር ይላሉ፤ ሌሎች ከመጀመሪያውም የተሠራው ለጥምቀት ነው ይላሉ። እኛ ሁለቱ የሚጣሉ አይመስለንም። ከሃይማኖት ጦርነት ማግስት የነገሡ ንጉሥ የአባቶቹ ጥምቀት ሕዝብ ሁሉ በሚያየው ስፍራ እንዲከበር መፈለጋቸው የሚጠበቅ ነው። ቤቱ በውኃው መካከል የቆመውም ሁሉም ከየአቅጣጫው እንዲያየው ይሆናል። ለሕፃኑ የሰጠነው የመጀመሪያ መልስ ይህ ነበር። ልጁም፣ «ታዲያ ከበዓሉ በኋላ ውኃው የት ይሄዳል?» አለን።

ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይበልጣል። ገንዳው ዓመቱን በሙሉ ደረቅ ነው። ጥምቀት ሲቃረብ የቀሃ ውኃ በቦይ ተጠልፎ ይገባና እስኪሞላ ቀናት ይፈጃል። ጥር 10 ቀን ከሰዓት በኋላ የአርባ አራቱ ታቦት ከተማ የምትባለው ጎንደር ታቦቶቿን ይዛ ወደዚያ ትወርዳለች። ካህናቱ ሌሊቱን በማኅሌትና በጸሎት ያድራሉ። ጥር 11 ቀን ንጋት ላይ አራቱ ወንጌላት ይነበባሉ፤ ውኃው በመስቀል ይባረካል፤ ይረጫል። ከዚያ ወጣቶቹ ከአጥሩ ላይ ወደ ውኃው ይወረወራሉ። በዓሉ ሲያልፍ ገንዳው እንደገና ይደርቃል። የግብር አዳራሹን የሚሞላ እንግዳ ከጠፋ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ይህ ገንዳ ግን በየዓመቱ የሚሞላው አላጣም። ቦዩን የሚጠርግ፣ ገንዳውን የሚያጸዳ፣ የላላውን ድንጋይ አይቶ «ይህ ሳይወድቅ ይጠገን» የሚል ሰው በየዓመቱ አለ፤ ምክንያቱም ጥር 10 ቀን አይቀርም።

እንግዲህ ምእመናን እንደ እኛ ይህን ሲያስቡ፣ «የሚጠቀሙበት ቅርስ አይጠፋም» ብለው ልባቸው ሊያርፍ ይችላል። እኛም እንዲሁ ብለን ለተማሪዎቻችን አስተምረን ነበር። በ2012 ዓ.ም. ግን ትምህርታችንን አረምነው። በዚያ ዓመት ታኅሣሥ 1 ቀን የኢትዮጵያ የጥምቀት በዓል በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ መጻፉ ተነገረ፤ በየአጥቢያው እልል ተባለ። በአርባኛው ቀን፣ ጥር 11 ቀን ጠዋት፣ በዚሁ በፋሲለደስ መዋኛ ሕዝቡ በዓሉን እንዲመለከትበት በእንጨት የተሠራው መቀመጫ ተደረመሰና ቢያንስ 10 ሰዎች ሞቱ፤ ከመቶ በላይ የሚሆኑ ቆሰሉ። ለክርስቲያን ቤተ ሰብ አርባ ቀን ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። በሐዋሳም ታቦታቱን አስገብተን ስንመለስ ወሬውን ሰማን፤ ዝማሬው በአፋችን ላይ ቀረ።

ድንጋዩ አራት መቶ ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ እንጨቱ አንድ ጠዋት አልቆመም። አጥሩ በተሠራ ጊዜ የጎንደር ሕዝብ ስንት ነበር? ዛሬ ከአገሩ ሁሉና ከባሕር ማዶ ሕዝብ ይመጣል። ስፍራው ያው ነው፤ አልሰፋም፤ ሊሰፋም አይችልም። ሕዝቡ በበዛ ቁጥር በአጥሩ ላይ የሚወጣው፣ የዋርካውን ሥር እንደ መሰላል የሚረግጠው ይበዛል። አጥሩን የሚያቆየው በዓል አጥሩን ሊያፈርሰው ይችላል ማለት ነው። ይህን መናገር በዓሉን መቃወም የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። እኛ ዲያቆናት ነን፤ በበዓል ቀን ሰው እንዲቀንስ አንመኝም። ይሁን እንጂ ታቦት በሚያልፍበት መንገድ ሕዝቡን በመስመር የሚያስቆሙ ወጣቶች በየደብሩ አሉን፤ ምንጣፍ ከሚያነጥፉት ጋር እየተጋገዙ ሲሠሩ እናያቸዋለን። እነዚሁ ወጣቶች «በአጥሩ ላይ አትውጡ» ቢሉ የሚያፍሩበት ነገር የለም። ስንት ሰው በየት በኩል ይግባ፣ መቀመጫው በማን ይመርመር የሚለውም ከበዓሉ ሳምንት በፊት ሳይሆን ከበዓሉ ወራት በፊት የሚያልቅ ሥራ ነው።

ነገሩ ጎንደር ብቻ የሚቀር አይደለም። በደቡብ ባለ አንድ የገጠር ደብር በአያቶች ዘመን የተሠራች ክብ የጭቃ ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ምእመናኑ በቅን ልቡና ገንዘብ አሰባስበው፣ ሲሚንቶ በጀርባቸው ተሸክመው ትልቅ ሕንፃ ሊሠሩ ተነሡ። ለአዲሱ ቦታ ለማግኘት አሮጌዋን በአንድ ቀን አፈረሷት። በመቅደሱ ግድግዳ ላይ የነበሩትን ሥዕሎች ፎቶግራፍ እንኳ ያነሣቸው አልነበረም። እኛም በዚያ ቀን እዚያው ነበርን፤ ቆርቆሮ ሲወርድ አብረን ተቀብለናል። ዛሬ የዚያችን ቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ አንዱ ቅዱስ ጊዮርጊስ ነበር ሲሉ ሌላው ቅዱስ መርቆሬዎስ ነበር ይላሉ። ጎንደር ላይ ኖራ ሲያቦኩ ያገኘናቸውን ግንበኛ ብናስታውስ ኖሮ በዚያ ቀን አንድ ቃል እንናገር ነበር። አልተናገርንም።

ለዚያ ሕፃን ውኃው ወደ ወንዙና ወደ መሬቱ እንደሚመለስ፣ ገንዳውም ደርቆ እንደሚከርም ነገርነው። «ታዲያ በሚቀጥለው ዓመት ውኃውን ማን ይሞላዋል?» ሲል ሦስተኛ ጠየቀ። የጎንደር ሰዎች እንደሆኑ፣ ስማቸው በየትም እንደማይጻፍ፣ ከበዓሉ ቀናት በፊት ቦዩን ከፍተው ሌሊት ሁሉ ውኃውን የሚጠብቁ ሰዎች እንዳሉ ነገርነው። ልጁ ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና ከሐዋሳ እስከ ጎንደር ስንት ቀን እንደሚያስኬድ ጠየቀን። አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል እንደሆነ ነገርነውና ወደ መዝሙር ጥናቱ ተመለስን።